ሁለት ነጥብ አራት ሚሊሜትር

ሴፕቴምበር 7፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የጋሼ ሙሉነህ ቀስት እንዲህ ነበር። ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል ሃያ ሦስት ኪሎ። እስከ መጨረሻው ሲሳብ ርዝመቱ ሰባ ሴንቲሜትር። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ያሉት መዘውሮች እኩል ይዞራሉ፤ አውታሩ ላይ ባደረግኩት ነጭ ምልክት አረጋግጫለሁ። ፍላጻው የሚቀመጥባት ሹካ መሳይ ማረፊያ መካከሏ ከእጀታው ጎን ሃያ ነጥብ አምስት ሚሊሜትር ትርቃለች። ከአሥራ ስምንት ሜትር ላይ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እርሳቸው፣ ሦስት ሦስት የልምምድ ፍላጻና ሦስት ሦስት ባለ ምላጭ ፍላጻ ወረወርን። የእኔ ስድስቱ በሰባት ሴንቲሜትር ክብ ውስጥ አረፉ። የእርሳቸው ስድስቱ በስድስት።

«ስድስት» አሉ ከትከሻዬ በላይ ደብተሬን እያዩ። «አድምቀህ ጻፈው። ወጣቱ ሰባት፣ ሽማግሌው ስድስት።»

አድምቄ ጻፍኩት።

የነበርነው ቶሮንቶ፣ ከኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ጀርባ ባለ፣ የቀስት መለማመጃ በሆነ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። መንገዱ ተቆፍሮ የቆየ ስለሆነ ከባሱ ወርደን ፍላጻው የሚተከልበትን የፎም ማገጃችንን ተሸክመን ነበር የመጣነው። የመጋዘኑ ባለቤት ጋሼ ሙሉነህን ሃያ ዓመት ስለሚያውቃቸው፣ የራሳችንን ማገጃ ይዘን ከመጣን በመጨረሻዋ መስመር ላይ ምላጭ እንድንወረውር ይፈቅድልናል። ለሌላ ሰው አይፈቅድም።

ጋሼ ሙሉነህ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው ቶሮንቶ ከገቡ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ኤሌቬተር ጠግነው ጡረታ ወጡ። ቀስት ያስተማራቸው አብሯቸው ይሠራ የነበረ ካናዳዊ ነው። እኔን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሰው ሳላውቅ ስመጣ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ አምስት ወር ተኝቻለሁ። አሁን የምሠራው የፋርማሲና የፋብሪካ ሚዛኖችን በሚፈትሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ የቀስቶቹ ማስተካከል ሥራ ወደ እኔ መጣ። እኔ አላድንም፤ እለካለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል ልበል። የልምምድ ፍላጻ ጫፉ እንደ ጥይት ድቡልቡል ነው፤ ቀስቱ ትንሽ ቢዛባም አያሳብቅም። ለአደን የሚያዘው ግን ጫፉ ላይ ሦስት ምላጭ አለው። ምላጮቹ ነፋስ ይይዛሉ። ፍላጻው ሲወጣ የፀጉር ያህል ወደ ጎን ከተገፋ፣ ኢላማው ጋ ሲደርስ የመዳፍ ስፋት ያህል ይርቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ባለ ምላጩ ከልምምዱ በስተግራ ካረፈ፣ ሁለቱ አንድ ቦታ እስኪገጥሙ ድረስ ማረፊያዋን በትንሽ በትንሹ ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ይህ ካልተደረገ ለሳንባ የተላከ ፍላጻ ሆድ ይገባል። ሳንባው የተመታ አጋዘን ስልሳ ሜትር ሳይሄድ ይወድቃል። ሆዱ የተመታ ግን ቀኑን ሙሉ ይንከራተታል።

የአደን ጓደኛቸው ዙበይር የሐረር ልጅ ነው። ስልሳ ሊሞላው ነው፤ ጋሼ እንዳልለው ግን ከልክሎኛል። «ጋሼ ስትለኝ ወገቤን ያመኛል» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው አድነዋል። አንዱ በስመ አብ ብሎ የጣለውን ሌላው አይበላም፤ ሌላው በቢስሚላህ የጣለውን ይኼኛው አይነካም። ስለዚህ ዓመቱን ተካፍለውታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ጎደሎ ቁጥር ዓመት የዙበይር፣ ሙሉ ቁጥር ዓመት የጋሼ ሙሉነህ ነው። ተራው ያልሆነው ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ያያል፣ ይጎትታል፣ ይሸከማል፤ አይወረውርም። ቢላዋ ሳይደርስበት ሞቶ ያደረ ደግሞ ለሁለቱም በክት ነው።

«ስምህ ይመር፣ አገርህ ወሎ» አለኝ ዙበይር አንድ ቀን። «አንተን በየትኛው ዓመት እንደምናስገባህ ግራ ገብቶናል።»

«በሁለቱም አስገቡኝ።»

«እሱማ የሆድ ነገር ነው!»

ዘንድሮ ሙሉ ቁጥር ነበር። በጋሼ ሙሉነህ ተራ የተገኘው ሥጋ በሕንጻው ውስጥ ላሉ አሥራ አንድ አባወራዎች እንደ ቅርጫ ይመደባል፤ ያውም ኅዳር አጋማሽ የነቢያት ጾም ሳይገባ። አሥራ አንዱም ከነሐሴ ጀምሮ በኤሌቬተሩ ውስጥ ሲያገኟቸው «እህሳ ጋሼ?» ይሏቸዋል።

ሴፕቴምበር 21 ጋሼ ሙሉነህ ሲወረውሩ፣ የልምምድ ፍላጻዎቹ መሃል ላይ አረፉ። ባለ ምላጮቹ ሦስቱም ስምንት ሴንቲሜትር ወደ ግራ።

«እንዴ» አሉ።

«ምናልባት…» አልኩ።

«ምናልባት ምን? ብረት ነዋ። ብረትም ይደክማል። ማረፊያዋን ነካ አድርጋት።»

ዜሮ ነጥብ ስምንት ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ገፋኋት። ደግመው ሲወረውሩ ስድስቱ ገጠሙ። ውሃ ሊጠጡ ሲሄዱ ቀስቱን አንስቼ እኔ ወረወርኩ። ቁመታችን እኩል ስለሆነ የምንስብበት ርዝመት አንድ ነው። የእኔ ባለ ምላጮች ስምንት ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ሄዱ። ከማገጃው ነቅዬ ቦታቸው መለስኳቸው። ቁጥሩን በደብተሬ በሌላ አምድ ጻፍኩት። አንድ ልኬት ብዙ አይናገርም ብዬ አለፍኩት።

ኦክቶበር 5 ላይ ባለ ምላጮቻቸው እንደገና ስምንት ሴንቲሜትር ወደ ግራ ሄዱ። የዚያን ቀን ሁለት ነገር አየሁ። ማረፊያዋን ልፈታ ስል ብሎን የሚፈታውን የብሩጎላ ቁልፍ በግራ እጃቸው ሊያቀብሉኝ አነሱት፤ ወደቀ። አነሱት፤ ወደቀ። በሦስተኛው በቀኝ እጃቸው አነሱት። ከዚያ ቀስቱን ሲይዙ መብራቱ ከላይ እጃቸው ላይ አረፈ። በግራው አውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ ጤነኛ እጅ ላይ ጎበጥ የሚለው ሥጋ ጎድጉዷል። በቀኙ አልጎደጎደም። ቀስቱን ለስለስ አድርገው ከመያዝ ይልቅ በመዳፋቸው ጥግ ጭምቅ አድርገው ነበር የሚይዙት። ደካማ እጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እንዳያመልጠው ይጨብጣል፣ ሲጨብጥ ያጣምማል።

ሌላ ዜሮ ነጥብ ስምንት ገፋሁ። ገጠመላቸው። ሲሄዱ እኔ ወረወርኩ፤ አሥራ ስድስት ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ።

ከዚያ በኋላ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም። ቀስቱ ምንም አልሆነም። የተለወጠው የያዘው እጅ ነው፤ በአራት ሳምንት ውስጥ የተለወጠ እጅ ደግሞ እርጅና አይደለም። በላቦራቶሪያችን ደንብ አለ። አንድ ሚዛን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ወደ አንድ ጎን ከሳተ ሦስተኛ ጊዜ አይስተካከልም። ቀይ ወረቀት ይለጠፍበትና ምክንያቱ እስኪገኝ ከሥራ ይወጣል። ይህን ደንብ ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ።

በየቀኑ ልነግራቸው አሰብኩ። ዓረፍተ ነገሩን ባስ ውስጥ እየተለማመድኩ እሄድ ነበር። «ጋሼ፣ እጅዎን ሐኪም ቢያየው» የሚለው በጣም ቀጥተኛ ሆነብኝ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ዙበይር ቢወረውርስ» የሚለው ደግሞ ለአሥራ አንድ ቤት የተገባውን ቃል ማፍረስ ነበር። በሶፋቸው ላይ የተኛሁ ሰው፣ ይኸው ዛሬ እጅዎ ደክሟል ልላቸው ነው? እንደዚህ እያልኩ ኦክቶበር 19 ደረሰ።

በዚያ ቅዳሜ ስምንት ሴንቲሜትር ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ግራ ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ ገፋሁ።

«አየህ?» አሉ ስድስቱ ሲገጥሙ። «እጅህ ወርቅ ነው።»

ከዚያ ዙበይር ጋብዞን ብሉር ጎዳና ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ገባን። ሥጋው የክርስቲያን ስለሆነ ዙበይር ዓሣ አዘዘ፤ ጋሼ ሙሉነህም እንደ ልማዳቸው ለእርሱ ሲሉ ዓሣ አዘዙ። ውሃ ሲመጣ ብርጭቆውን በግራ እጃቸው ያዙ። ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ሳይነሳ ተንሸራቶ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ።

ዙበይር ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ወይ ጉድ! ሙሌ፣ በልብስህ መጠጣት ጀመርክ?»

«ዝም በል አንተ። ብርጭቆው ላብ አለው።»

«አጋዘኑ ይህን ቢያይ እኮ ራሱ መጥቶ ይቆምልሃል፣ አዝኖ!»

«የአንተን አየነው ባለፈው ዓመት። ዛፉን ገደልከው።»

«ዛፉን በቢስሚላህ ነው የገደልኩት። አልበላህም እንጂ ሐላል ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጋሼ ሙሉነህ እየሳቁ ሁለተኛውን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ያዙት። የምናገርበት ቦታ እዚያ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዙበይር ለአደን ስለሚገቡበት የገበሬ መሬት ማውራት ጀመረ።

ማገጃውን ተሸክሜ ቤታቸው ሳደርስ በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ አሰፋሽ ናቸው። ጋሼ ሙሉነህ ልብሳቸውን ሊቀይሩ ገቡ። እትዬ አሰፋሽ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

«ይመር፣ አንተ ነገር ታያለህ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ከመስከረም ወዲህ። ቁልፉ ጠቦ ነው ይለኛል። ምን ይመስልሃል?»

አንድ ሰው ጠየቀኝ። መልሱ ደግሞ ኪሴ ውስጥ በቁጥር ተጽፎ ነበር።

«ብርዱ ይሆናል እትዬ» አልኩ።

«ብርዱ ነው?»

«ብርዱ ነው።»

«እንግዲህ» አሉና ገቡ።

ኖቬምበር 9 በጠዋት ለአደኑ ተነሳን፤ ቦታው ከቶሮንቶ በስተሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ሙቀቱ ከዜሮ በታች አራት ነበር። ብርድ ደካማ እጅን የባሰ እንደሚያደክም አውቃለሁ። ከመኪናው ሲወርዱ «ጋሼ» አልኳቸው። ዞር አሉ። «ጓንት ያድርጉ» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉ ልምምድ በኋላ የወጣኝ ቃል ይህ ነው።

እኔ ከገበሬው ጎተራ አጠገብ ስጠብቅ፣ ጋሼ ሙሉነህ ከጫካው ዳር ዛፍ ላይ፣ ዙበይር ከእርሳቸው በስተምሥራቅ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ሌላ ዛፍ ላይ ወጡ። አራት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ሙሉነህ በስልክ ኮል አደረጉ።

«መትቼዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ደስታ አልነበረውም።

ሄድኩ። አጋዘኑ ሃያ ሜትር ላይ ጎኑን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ቀኝ አድርጎ ቆሞ ነበር አሉኝ። በስመ አብ ብለው ለቀቁ። ፍላጻው አልፎት ወጥቶ መሬት ላይ ተተክሏል። ነቀልኩት። ደሙ ጥቂት ነው፤ አረንጓዴ ነገር ተቀላቅሎበታል፤ ይሸታል። ኢላማው ከትከሻው ጀርባ ነበር። ፍላጻው የገባው ከዚያ ሠላሳ ሴንቲሜትር ያህል በስተግራ መሆን አለበት። ፊቱን ወደ ቀኝ ላዞረ እንስሳ ግራው ሆድ ነው።

ዙበይር ወርዶ መጣ፤ ፍላጻውን አሸተተና ፊቱ ተለወጠ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም።

«በእኔ በኩል አለፈ» አለ። «ሃያ አምስት ሜትር ላይ። ጎንበስ ብሎ ቀስ እያለ ይሄድ ነበር። እንደተመታ አላወቅኩም። ተራው ያንተ ስለሆነ ቀስቴን እንኳ አላነሳሁም።»

ጋሼ ሙሉነህ ፍላጻውን ተቀብለው ምላጮቹን በቅጠል ጠረጉ።

ሆዱ የተመታን እንስሳ ወዲያው ከተከተሉት ይሸሻል። ስለዚህ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ እስኪመሽ ተከተልን፤ ደሙ በየአርባው፣ በየሃምሳው ሜትር አንዲት ጠብታ ነበር፤ ከዚያም ጠፋ። ገበሬው አሳደረን። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ረግረግ ዳር፣ ዝግባ ሥር፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ። ከተመታበት ቦታ በስልኬ ለካሁ፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሜትር። የተኛባቸውን ቦታዎች ወደ ኋላ ተከትዬ ቆጠርኩ። ስድስት ቦታ ተኝቶ ተነስቷል። የኋላ እግሩን ሌሊት ቀበሮዎች ጀምረውታል።

ዙበይር ቢላዋውን ከሰገባው ሊያወጣ ጀምሮ መለሰው። ጋሼ ሙሉነህ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ወደ ቶሮንቶ ስንመለስ፣ ሃይዌዩ ላይ ስንገባ ዙበይር «ለቤቶቹ እኔ እነግራለሁ» አለ።

ማክሰኞ ከሺፍት ስወጣ ጋሼ ሙሉነህ ኮል አደረጉ። «ናና ቀስቱን ፈትሽልኝ። ማረፊያዋ ተንቀሳቅሳለች።»

ቀስቱ በመመገቢያው ጠረጴዛ ላይ፣ ፎጣ ተነጥፎለት ተኝቶ ጠበቀኝ። እትዬ አሰፋሽ ወጥ ቤት ነበሩ። ሚሊሜትር የምለካበትን ካሊፐሬን አውጥቼ ለካሁ። አሥራ ስምንት ነጥብ አንድ። ኦክቶበር 19 ከተውኳት ቦታ ምንም ፈቀቅ አላለችም።

«አልተንቀሳቀሰችም» አልኩ።

«እንግዲያውስ አውታሩ ነው።»

«አውታሩም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ተናገር እንጂ።»

ደብተሩን ከፍቼ ወደ እርሳቸው ገፋሁት። መነጽራቸውን አደረጉ። በቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት መስመር በመስመር ወረዱ። በሁለተኛው አምድ ላይ ቆሙ።

«ይሄ የማነው?»

«የእኔ ነው። እርስዎ ውሃ ሊጠጡ ሲሄዱ እወረውር ነበር።»

«በድብቅ?»

«በድብቅ።»

«ስምንት ወደ ቀኝ። አሥራ ስድስት ወደ ቀኝ። ሃያ አራት ወደ ቀኝ።» ቀና አሉ። «ለእኔ በገጠመ ቁጥር ለአንተ እየራቀ ሄዷል።»

«አዎ።»

«እጄ ነው።»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አትበል። ለክተህ የለም እንዴ?»

«እጅዎ ነው፣ ጋሼ። የግራው።»

የግራ እጃቸውን አንስተው ከመብራቱ ሥር አዩት። አገላብጠው አዩት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀስቱ ጎን፣ ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ከኦክቶበር አምስት።»

«ዛሬ ኖቬምበር አሥራ ሁለት ነው።»

«አዎ።»

«ይመር፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ኤሌቬተር ጠግኛለሁ። አንድ ኤሌቬተር ፎቁ ጋ ሲቆም ሁለት ሴንቲ ዝቅ ቢል፣ ሰው እንዳይደናቀፍ ብዬ ወለሉን እቆርጥ ነበር?»

«አይቆርጡም።»

«ምን አደርግ ነበር?»

«ገመዱን ያዩ ነበር።»

«አቆመዋለሁ፤ ከዚያ ገመዱን አያለሁ። ሰዉ ደረጃ ይውጣ፤ ይሳደብ። አንተ ወለሉን ቆረጥክልኝ። ሦስት ጊዜ። እኔም እጅህ ወርቅ ነው እያልኩ አመሰገንኩህ።»

«አክብሬዎት ነው» አልኩ።

«ፈርተህ ነው» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እኔም ፈርቼ ነው። ብሩጎላው ሲወድቅ አውቄ ነበር። ማረፊያዋ ስትገጥም ግን፣ ይኸው ቀስቱ ነው አልኩ። ያንተ ቁጥር አሳመነኝ።»

እትዬ አሰፋሽ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሰሙ አላውቅም።

«እኔ ጠይቄው ነበር» አሉ ለባላቸው። እኔን አላዩኝም። «ብርዱ ነው አለኝ።»

ደብተሩን ዘጋሁት። ጋሼ ሙሉነህም እኔን ለማዳን አልሞከሩም።

«መልሳት» አሉ ወደ ቀስቱ እያመለከቱ።

«ምኗን?»

«ማረፊያዋን። ቀጥ ያለችበት ቦታ መልሳት። አሁን፣ እያየሁ።»

ብሎኑን ፈታሁ። ሁለት ነጥብ አራት ሚሊሜትር ወደ ግራ መለስኳት፤ ሃያ ነጥብ አምስት። አጠበቅኩ። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ጋሼ ሙሉነህ አውታሩን በቀኝ እጃቸው ነካ አድርገው ተዉት።

«ነገ ፋሚሊ ዶክተሬ ጋ ትወስደኛለህ» አሉ። «ደብተሩን ይዘህ ና። ለእሱም ብርድ ነው እንዳትለው።»

ዶክተሩ በጎማ መዶሻ ጉልበታቸውንና ክርናቸውን መታ፤ ጣታቸውን በፍጥነት እንዲከፍቱና እንዲዘጉ አደረገ፤ በአንድ መስመር ላይ አስኬዳቸው። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። የአንገት ኤምአርአይ በዲሴምበር ተነሳ። የአንገታቸው አጥንት ለዓመታት እየወፈረ በውስጡ የሚያልፈውንና ወደ እጅ ነርቭ የሚልከውን ሕብለ ሰረሰራቸውን ተጭኖታል። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ጭነቱ በርትቷል።

የቀዶ ጥገናው ሐኪም ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምታወራው። መቼ እንደጀመረ ጠየቀች። ጋሼ ሙሉነህ ወደ እኔ አመለከቱ። ቀኖቹን ነገርኳት። ቁጥሮቹን አይታ እንዲህ የተመዘገበ እጅ አይቼ አላውቅም አለች። ከዚያ ጫና ያረፈበት ሕብለ ሰረሰር ምን እንደሚሆን አስረዳች። ቀዶ ጥገናው ያለውን ያድናል፣ የሄደውን ግን ብዙ ጊዜ አይመልስም። ቀድሞ የመጣ ሰው ይዞት የሚቀረው ይበዛል።

«በአምስት ሳምንት ውስጥ ምን ያህል ይሄዳል?» አልኳት።

«ያንን ማንም ሊለካ አይችልም» አለች።

ጋሼ ሙሉነህ ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። አይዞህ ማለታቸው ይሁን ዝም በል ማለታቸው አልገባኝም።

ቀዶ ጥገናው ጃንዋሪ 28 ተደረገ። ዙበይር ሆስፒታል መጥቶ የአንገታቸውን ድጋፍ አይቶ «አሁን እንኳን ሰው መስለሃል፤ ቀጥ ብለህ ታያለህ» አላቸው። ሲስቁ አንገታቸውን ስላመማቸው ሰደቡት። እትዬ አሰፋሽ ከዚያች ማክሰኞ ጀምሮ ከሰላምታ በላይ አላናገሩኝም። በማርች መጀመሪያ ላይ ግን በሩን ሲከፍቱልኝ «ግባ፣ ብርድ ነው» አሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ሁለታችንም ሰማነው፤ ዓይናቸውን አልሰበሩም፣ እኔ ሰበርኩ።

ወደ ፊዚዮቴራፒው በሳምንት ሁለት ጊዜ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። እዚያ የመጨበጥ ኃይል የሚለካ መሣሪያ አለ፤ እጀታውን ሲጨምቁት መርፌው ኪሎውን ያሳያል። ባለሙያዋ ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ጊዜ ለክታ ነበር፤ ቀኙ ሠላሳ አራት፣ ግራው አሥራ ሁለት።

ኤፕሪል 29፣ በሦስተኛው ወር፣ ደግማ ለካች። ጋሼ ሙሉነህ ጥርሳቸውን ነክሰው ሦስት ጊዜ ጨመቁ፤ ከፍተኛውን ወሰደች። ቀኙ ሠላሳ አራት ነው። ግራው አሥራ ሦስት።

«ጨምሯል!» አሉ ጋሼ ሙሉነህ። «አንድ ኪሎ። ጻፈው እንጂ፤ አድምቀህ።»

ባለሙያዋ ፈገግ አለች። እኔ መሣሪያውን አንስቼ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን የፍተሻ ወረቀት አነበብኩ። ወቅታዊ ነው፤ በትክክል የተፈተሸ ነው። የስህተቱ ወሰን ሲደመርም ሲቀነስም አንድ ኪሎ ነው፤ ልክ ጨመረ ያሉትን ያህል።